ሠላሳ ሰዓት በእርሳስ

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ልምድ የሌለው ሰው ልምዱን ከየት ያምጣ? ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም፤ መልሱን የነገረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ጥያቄው እኔ ላይ የደረሰው ዛሬ ጠዋት ነው። በትምህርት ክፍላችን ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ ከማርች ጀምሮ አንድ ረዳት መምህር ይቀጠራል። ዶክትሬቱን ለመጨረስ የተቃረበ (እኔ!)፣ ጽሑፍ ያሳተመ (ሁለት አሉኝ!)፣ "ቢያንስ ሠላሳ ሰዓት ያስተማረና ይህንኑ በተማሪዎች ፊርማና በክፍሉ ማኅተም የሚያረጋግጥ"።

እዚህ ላይ ቃለ አጋኖዬ አለቀ።

ቢስትሺትሳ ወንዝ ከተማችንን ሉብሊንን አቋርጦ ሲያልፍ የት ላይ አሸዋ እንደሚጥል፣ የት ጭቃ እንደሚያስቀምጥ ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ደለሉን በአካፋ ስዝቅ ኖሬአለሁ። ያስተማርኩት ሰዓት ግን ዜሮ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ፌብሩዋሪ 6። አራት ወር አለኝ፤ አራት ወር ብዙ ነው። ሠላሳ ሰዓትስ ምን አላት? አንድ ቀን ከሩብ!

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

ወይዘሮ ኦቲሊያ ዘንድ ሄድኩ። የክፍላችን ጸሐፊ ናቸው፤ በዚያች ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠው አራት የክፍል ኃላፊ ሸኝተዋል። የማስተማሪያ ሰዓት የሚያድለው ኃላፊው ነው ይባላል። የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። ትልቅ መዝገብ አላቸው፤ ገና ያልተሰጠ ትምህርት በእርሳስ ይጻፍበታል፣ መምህሩ አስተምሮ የተማሪዎቹን ፊርማ ሲያመጣ በላዩ ላይ በቀለም ይደምቃል። ኮምፒዩተርም አላቸው፤ የአበባ ማሰሮ አስቀምጠውበታል።

"ወይዘሮ ኦቲሊያ፣ ሠላሳ ሰዓት ፈልጌ ነበር።"

"እኔም አሥራ ስምንት ዓመቴን ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።"

"የምሬን እኮ ነው።"

"እኔ የቀለድኩ መሰለሽ?" መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት። "ተመልከቺ። ተማሪው በየዓመቱ ያንሳል። ቋሚው መምህር ደግሞ የዓመት ሰዓቱን ካልሞላ ይጠየቃል። ታዲያ ሁሉም ሰዓቱን እንደ ጫጩት አቅፎ ተቀምጧል። ላንቺ የሚተርፈው የቱ ነው?"

"አንድ ሰው ቢታመምስ?"

"ያኔ ተተኪ እንፈልጋለን።" ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ግን እንዲህ ዓይንሽን አፍጥጠሽ አትጠብቂ። ሰው ትታመሚብኛለሽ።"

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ዶክተር ሽቺቦርን ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለ ወንዞች የተግባር ትምህርት የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ያለ ማጉያ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል።

"ዶክተር፣ ከሰዓትዎ ጥቂት ቢያካፍሉኝ ብዬ..."

"ስንት?"

"ሠላሳ።"

"ጥቂት ነው ያልሽው?" ሳቃቸው መስኮቱን አነቃነቀው። "ስሚኝ ቦግና፣ ላረጀ መምህር ሰዓት ማለት ጥርስ ነው። የቀረችውን አያውስም። ከፈለግሽ መጥተሽ ከኋላ ተቀመጪ፤ ማየት በነፃ ነው።"

"ማየት ይቆጠራል?"

"አይቆጠርም።"

ለማንኛውም ሄጄ ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። እንዴት እንደሚቆሙ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ። ጥሩ ሰው ናቸው። ለምን ተናደድኩባቸው?

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

በሩጫ። ለአሥራ አንድ ትምህርት ክፍሎች ጻፍኩ። አራቱ አይሆንም አሉ። አንዱ "ለሚቀጥለው ዓመት"። አምስቱ ጭጭ። አንዱ "ክቡር ፕሮፌሰር" ብሎ ጀመረና ለእነሱ የዶክትሬት ተማሪዎች የሚሆን ሰዓት እኔ ዘንድ ተርፎ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

ቲሞን የሽንኩርት ዳቦ ይዞ መጣ። ቲሞን ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነው፤ ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ ይቀመጣል፣ የሚያጠናው የወንዝ በረዶ ነው። ውሉ ለምርምር ብቻ ስለሆነ ሰዓት የሚባል ነገር አይመለከተውም፤ ውሉም በጁን ያልቃል። በየቀኑ እንዳጋጣሚ በበሬ በኩል ያልፋል። በየቀኑ እንዳጋጣሚ ዳቦው ሁለት ነው። "ጋጋሪዋ አንድ ብቻ አትሸጥም" አለኝ። እንግዳ የሆነ ሕግ ነው።

"አንተስ ማስተማር አያምርህም?" አልኩት።

"እኔ? ተማሪ ያስፈራኛል። ሃያ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያየኝ እቀልጣለሁ።"

"የበረዶ ተመራማሪ አይደለህ፣ ቅለጥ።"

ሳቀና ሽንኩርቱ ትን አለው።

ከሰዓት በኋላ በአሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል በኩል ሳልፍ አየሁት። ብቻውን ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ለባዶ ወንበሮች ያወራል። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተሳለ ወንዝ ነበር። ስልክ እያነጋገረ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። አንዳንድ ሰው ስልክ ላይ ሲያወራ ይሥላል።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ፣ ዛሞሽች

የሙታን መታሰቢያ ነው፤ እማዬ ዘንድ መጥቼ አብረን የአያቴ መቃብር ላይ ሻማ ለኮስን። የመቃብሩ ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ነበር። በጸሎት መሐል አንድ ሐሳብ ሾልኮ ገባብኝ፦ ጌታዬ ሆይ፣ አንድ መምህር ጉንፋን ይያዘው። ወዲያው "ቀለል ያለ" ብዬ ጨመርኩበት። የጨመርኩት ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ማታ እማዬ ፀጉሬን እየቆረጠችልኝ (ፀጉር ሠሪ ናት፤ ዝም ብሎ ለመቀመጥ እጇ አይችልም) ሁሉንም ነገርኳት። ከጸሎቱ በቀር።

"ልምድ?" አለች። "እኔ ልምድ ያገኘሁት በአክስትሽ ጭንቅላት ላይ ነው። ቡናማ ላቀልመው ብዬ ግማሹ አረንጓዴ ወጣ። ሁለት ወር በባርኔጣ ከረመች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይኸው፣ ዛሬም ደንበኛዬ ናት።"

"ታዲያ እኔ ማን ላይ ልለማመድ?"

"ደፋር አክስት ፈልጊ" አለችና ጆሮዬን በመቀሱ ገፋ አደረገችው።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ዶክተር ሽቺቦር ድምፃቸው ጠፋ!

በመታሰቢያው ቀን መቃብር ቦታ የያዛቸው ብርድ ነው፤ በሽታቸውን ችላ ብለው ሳምንት ሙሉ ሲጮኹ ሰነበቱ። ሐኪሙ አምስት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ አዘዘ። ወይዘሮ ኦቲሊያ አስጠሩኝ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ አንድ ቡድን፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አንድ ቡድን፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት፤ በአምስት ሳምንት ሃያ። ስሜን በመዝገቡ ውስጥ በእርሳስ ጻፉት። እስከ ዛሬ ስሜ እንዲህ ሲያምር አይቼው አላውቅም።

ዶክተሩ እዚያው ወንበር ላይ አንገታቸውን ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ወረቀት ሳቡና ጻፉ፦ "ደስ አይበልሽ።"

"ኧረ አላለኝም ዶክተር!"

ጻፉ፦ "ጥርስሽ ይታያል።"

አመሻሽ ላይ አንድ ማሰሮ ማር ገዝቼ በራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ደወሉን ደውዬ ሮጥኩ። ስለ ጸሎቱ ይህ ደብተር ብቻ ይወቅ።

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ነገ። የትምህርቱ ርእስ፦ ወንዝ ሲታጠፍ የትኛውን ዳር ይበላል፣ የትኛውን በደለል ያጎርሳል። አርባ ሁለት ምስል አዘጋጀሁ። ቲሞን አሥራ ሁለት ይበቃል አለ። እሱ ምን ያውቃል፣ አስተምሮ አያውቅ።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

አራት ሰዓት ተብሎ የተጻፈ ክፍል አራት ከሩብ ላይ ይጀምራል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ልማድ ነው፤ ያችን ሩብ ሰዓት ማንም አይነካትም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሩቧ የእኛ ነበረች፤ የቀረ የቤት ሥራ ይገለበጥባታል፣ ዳቦ ይበላባታል። ቀድሞ የሚገባ መምህር እንደ ቀማኛ ነበር የሚታየው። መምህር የሆንኩ ቀን የተማሪዎቼን ሩብ ላልነካ ያኔ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ ከእነሱው ጋር ኮሪደር ውስጥ ቆምኩ፤ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ማሞቂያው አጠገብ። ብርቱካንማ ሻርፕ የጠመጠመች ልጅ ጠጋ አለችኝ።

"አንቺም ተተኪዋን ነው የምትጠብቂው?"

"እ... በአንድ በኩል።"

"ድርቅ ያለች ናት አሉ። ደለል ነው የምታጠናው።"

"ደለል እኮ እርጥብ ነው" አልኩ፤ አመለጠኝ።

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ልብ ሰጠኝ። አራት ከአሥር ሲሆን ገቡ። እኔ መጸዳጃ ቤት ሄጄ በመስታወቱ ፊት የመክፈቻ ንግግሬን ሁለት ጊዜ ተለማመድኩ፣ ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ የኮሪደሩ ሰዓት ልክ አራት ከሩብ ሲል የፊተኛውን በር በክብር ከፈትኩ።

ክፍሉ ሁለት በር አለው። በኋለኛው በር የመጨረሻው ካፖርት ጫፍ ሲወጣ አየሁ።

ሃያ ሁለት ባዶ ወንበር። አንዱ ላይ ብርቱካንማ ሻርፕ።

ባለ ሻርፗ እየሮጠች ተመለሰች። "ምነው ቆምሽ? ክፍል የለም እኮ። ሩቡ አለፈ፣ መምህሯ አልመጣችም።"

"መምህሯ እኔ ነኝ።"

ሻርፗን አንስታ እንደያዘች ቀረች። "ደለሏ?"

"ደለሏ።"

"ውይ። እኛ እኮ... ሩብ ሰዓት እንጠብቃለን፣ ካለፈ እንሄዳለን። ሕግ ነው።"

"እኔ ሩቡን የተውኩት ለእናንተ ነው!"

"እኛም የጠበቅነው ላንቺ ብለን ነው!" አለችና ደነገጠች፤ "ለእርስዎ ማለቴ ነው።"

ደረጃውን በሦስት ዝላይ ወረድኩት። ግማሾቹ አውቶቡስ ተሳፍረው ነበር። ስሮጥ አይተው፣ ከመስኮቱ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። አውቶቡስ ያመለጣት ተማሪ መስዬአቸው ነው።

ወይዘሮ ኦቲሊያ "ፊርማው?" አሉ። ባዶውን ወረቀት አሳየኋቸው። ላጲሳቸውን አነሡ። ሁለት ሰዓት ለመጥፋት አራት ፍትጊያ ብቻ ነው የፈጀው። ከሃያው አሥራ ስምንት ቀረ፤ ከሠላሳው ደግሞ አሥራ ሁለት ከየት እንደሚመጣ ፈጣሪ ይወቀው።

ባለ ሻርፗ ያግና ትባላለች። ስትሄድ ዘወር ብላ "መክፈቻው ግን ምን ነበር?" አለችኝ። ነገርኳት። "ጥሩ ነበር" አለች። አሁን በዚያ ነው የምጽናናው።

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

ሞኝ። ሞኝ። ተማሪ መምሰልን አራት ዓመት ሙሉ ስሠራበት ከረምኩ፣ ማን ያስለቅቀኛል። በጠረጴዛዬ ላይ የዶክተር ሽቺቦር ወረቀት አገኘሁ፦ "በወጣትነቴ እኔም ላይ ደርሷል፤ እኔ እንዲያውም በሩን ቆልፌባቸው ነበር። ለማንም እንዳትናገሪ። ማሩ ጥሩ ነው።"

ማሩ የእኔ እንደሆነ ማን ነገራቸው?

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ገብቼ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የገባው ልጅ አይቶኝ ክው አለ፤ "አረፈድኩ፣ ይቅርታ" አለ። ቀጥላ የመጣችውም ይቅርታ ጠየቀች። ሁሉም ያረፈዱ መስሏቸው ሮጡ፤ በአራት ሰዓት ክፍሉ ሞላ። ይህ በታሪካችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ምስሎቹን ተውኳቸው። ትልቅ ትሪ ላይ አሸዋ አፈሰስኩ፣ በጣቴ ጠመዝማዛ መንገድ አበጀሁ፣ ከጆግ ውኃ ለቀቅኩ። "አሁን የትኛው ዳር ይፈርሳል? ተወራረዱ!" ተወራረዱ። ተጯጯሁ። አንዱ ጫማው ረጠበ። ዕረፍት መስጠት ረስቼ ነበር፤ ማንም አላስታወሰኝም።

ሃያ ፊርማ! ወይዘሮ ኦቲሊያ ብዕራቸውን ነክረው በእርሳሱ ላይ ሲያደምቁት በትከሻቸው ላይ አጮልቄ አየሁ። ሁለት።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

ዛሬ ቲሞን ስብሰባ ስለነበረበት ዳቦ ቤት ራሴ ሄድኩ። አንድ ብቻ ሸጡልኝ። ሕጉ ተቀይሮ ይሆናል።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

አሥር በቀለም። ድምፄ ሸካራ ሆነ። ጸሎቴ በራሴ ላይ እንዳይመለስብኝ ማር እየላስኩ ነው።

ዲሴምበር 10፣ ረቡዕ

ስሌት ሌላ ነገር አይልም፤ ዶክተሩ ከገና በፊት ቢመለሱ አሥራ ስምንት ይኖረኛል። ከዚያ ወዲያ ባዶ። ዛሬ ወይዘሮ ኦቲሊያ ዘንድ ገብቼ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

"እሑድ ትነሻለሽ?" አሉኝ።

"ለምን?"

"ሥራ ይዘው የሚማሩት እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል አላቸው። ዲሴምበር 14 አራት የትምህርት ሰዓት፣ ጃንዋሪ 11 አራት፣ ጃንዋሪ 25 ሁለት፤ የመጨረሻው ቀን ግማሹ ፈተና ስለሆነ አይቆጠርም። ተለቅቋል።"

"ማን ለቀቀው?"

"እርሳስ።"

"ወይዘሮ ኦቲሊያ!"

"ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም? ጠያቂ ሳይሆን መምህር ነው ያጣሁት።"

ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ሮጬ ለቲሞን ነገርኩት። "አሪፍ!" አለ። ከዚያ መስኮቱን ረጅም ጊዜ አየ። በረዶ እየጣለ ነበር፤ ሥራው አይደል።

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

አሥራ አራት ሰዎች። ነርስ አለች፣ አውቶቡስ ነጂ አለ፣ ከአሥራ አራቱ ሦስቱ ከእናቴ ይበልጣሉ። ከፊት ለፊት አቶ ቫለንቲ ተቀምጠዋል፤ በከተማው ውኃ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ ናቸው። በቢስትሺትሳ ድልድይ ሥር ስላለው ደለል ሳስረዳ እጃቸውን አወጡ።

"መምህርት፣ ይቅርታ። እዚያ ጋ አሸዋ የለም።"

"በካርታዬ ላይ አለ።"

"በካርታዎ ላይ ይኑር። እኔ ባለፈው ሳምንት እዚያ ገብቼ እስከ ብብቴ ጠልቄአለሁ።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ጠመኔውን ሰጠኋቸው። ወጥተው ሣሉ። የአራት ዓመት ካርታዬ በአንድ ቦታ ተሳስቷል፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሳስቼ አላውቅም። አስተማርኩ ልበል፣ ተማርኩ? ፊርማው ግን አስተማረች ይላል።

ዲሴምበር 24፣ ረቡዕ፣ ዛሞሽች

አሥራ ስምንትና አራት፣ ሃያ ሁለት። ዶክተር ሽቺቦር ተመለሱ፤ መጀመሪያ የተናገሩት ቃል "ሰዓቴን!" ነበር አሉ።

የገና ዋዜማ ነው፤ እንደ ልማዳችን ማዕዱ ላይ ለድንገተኛ እንግዳ አንድ ባዶ ሳህን አስቀመጥን። እማዬ ሳህኑን አየችና "ያ ዳቦ የሚያመጣው ልጅ የት ነው በዓል የሚውለው?" አለች።

"ምን አውቃለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው።"

"እኔ ምን አልኩ? ዳቦ የሚያመጣ አልኩ እንጂ።"

ጃንዋሪ 11፣ እሑድ

ሃያ ስድስት። ቲሞን ከበር ላይ የሽንኩርት ዳቦ ይዞ ጠበቀኝ፤ እሑድ፣ ጠዋት! "አልተኛህም?" "እንቅልፍ አጣሁ።" ክፍሉ ሲያልቅም እዚያው ነበር፤ እንዴት እንዳስተማርኩ ጠየቀኝ፤ ምን ጠየቁሽ፣ ምን መለስሽ፣ የት ቆምሽ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ሰው እንዲህ ሲያዳምጠኝ ደስ ይላል።

ጃንዋሪ 25፣ እሑድ

ሃያ ስምንት። እዚያው ላይ ቆመ። የእሑዱ አለቀ፣ የመማሪያው ወቅት አለቀ፣ ሁሉም ፈተና ላይ ነው። ሁለት ሰዓት! ያቺ ማክሰኞ! ያቺ ሩብ!

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ

ያግና በሬን አንኳኳች። ብርቱካንማው ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ደርሷል።

"የዶክተር ሽቺቦር ፈተና ላይ ስለ ወንዝ መታጠፍ ጥያቄ አለ አሉ። የሐሙሱ ቡድን በአሸዋ ያየው። እኛ ደግሞ..."

"እናንተ አውቶቡስ ላይ ነበራችሁ።"

"እርስዎም መጸዳጃ ቤት ነበሩ" አለች፤ ከዚያ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

ሁለታችንም ሳቅን፤ ተያይዘን ወደ ወይዘሮ ኦቲሊያ። ደንቡን ያውቁታል፦ ያመለጠ ክፍል ሊካስ ይችላል፣ ሃያ ሁለቱም ከተስማሙ፣ ሃያ ሁለቱም ከፈረሙ። "ግን የመማሪያ ክፍል የለኝም። ሁሉም ለፈተና ተይዟል።"

"ወንዙስ?" አልኩ።

"ምን ወንዙ?"

"ወንዙ ላይ የሚፈተን አለ?"

ወይዘሮ ኦቲሊያ መዝገቡን ከፈቱ። በዚያች ማክሰኞ የጠፋውን መስመር በእርሳስ መልሰው ጻፉ፤ ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 31፣ አራት ሰዓት። የክፍል ቁጥር የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ "ድልድይ" ብለው ጻፉ።

ጃንዋሪ 31፣ ቅዳሜ

ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ዲግሪ። በዚህ ቅዝቃዜ ሃያ ሁለት ሰው ይመጣል? ሃያ አንድ ቢመጣ አይቆጠርም። ሌሊቱን ሁሉ አውቶቡስ ላይ እጃቸውን ሲያወዛውዙልኝ አየሁ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ድልድዩ ጋ ደረስኩ፤ አርባ ደቂቃ ቀድሜ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ። ብርቱካንማው ሻርፕ ከሩቅ ታየኝ። ጠጋ ስል ሃያ ሁለቱም እዚያ ናቸው፤ እግራቸውን እየመቱ፣ በረዶ እየተወራወሩ።

"ምነው በዚህ ሰዓት?" አልኩ።

"ሩቡ ዳግመኛ እንዳያጣላን ተማከርን" አለች ያግና። "ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነን።"

አቶ ቫለንቲ ሰምተው መጥተዋል፤ ሦስት ፔርሙስ ሻይና አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ይዘው። ቲሞንም እንዳጋጣሚ በዚያ ሲያልፍ። ወንዙ በሚታጠፍበት ዳር ቆመን ጀመርኩ። የሚበላውን ዳር በዓይናቸው አዩት፣ የሚያጎርሰውን በእግራቸው ረገጡት። ከዚያ አንድ ልጅ ጠየቀ፦ በረዶው በዚያኛው በኩል ወፍራም፣ በዚህኛው ቀጭን የሆነው ለምንድን ነው?

መልሱን በግማሽ አውቀዋለሁ። በግማሽ ከምናገር ዘወር ብዬ "ዶክተር ቲሞን" አልኩ።

ፊቱ ነጣ። ሃያ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ዞሮ አየው። እጁን ከኪሱ አወጣ... ከዚያ አሥር ደቂቃ፤ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ጥልቀት፣ በረዶ ከዳር ጀምሮ እንዴት እንደሚሸመን፤ ሰዎቹ ብርዱን ረሱት። እጁን ያወናጭፋል። እንዲህ ሲያወናጭፍ የት ነው ያየሁት? አሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል። ባዶ ወንበሮች። በሰሌዳው ላይ ወንዝ።

ስልክ አልነበረም።

ፊርማ ላይ ስንደርስ ብዕሮቹ በረዱ፤ አንዱም አይጽፍ። "እርሳስ አለኝ" አለ አንዱ። "እርሳስ አይሆንም!" ብለን እኔና ያግና ባንድ ድምፅ ጮኽን። ያዳኑን አቶ ቫለንቲ ናቸው። "በብብት ነው" አሉ። "እኛ በክረምት ቆጣሪ ስንመዘግብ ሁልጊዜ በብብት ነው።" ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ብዕር፤ አራት ፊርማ፣ ወደ ቲሞን ብብት፤ አራት ፊርማ፣ ወደ ቲሞን ብብት። "ይኮረኩረኛል!" እያለ።

ሃያ ሁለት። ቆጠርኩ። ሦስቴ ቆጠርኩ።

ፌብሩዋሪ 2፣ ሰኞ

ወይዘሮ ኦቲሊያ አደመቁት። ሠላሳ! ማኅተሙን ሲመቱት ጠረጴዛው ዘለለ።

ሁሉንም መስመሮች እንድፈትሽ መዝገቡን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ። የእሑዶቹ ጋ ስደርስ ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ ተንሸራተተ። ከስሜ ቀለም ሥር የተፋቀ እርሳስ፤ ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ የቀረ። "ቲሞን"። ዲሴምበር 14፣ ቲሞን። ጃንዋሪ 11፣ ቲሞን። ጃንዋሪ 25፣ ቲሞን።

"ይህ ምንድን ነው?"

ወይዘሮ ኦቲሊያ አበባቸውን ውኃ አጠጡ። "አንድ ዓመት ሙሉ ሲለምነኝ ኖረ። በጁን ሥራ መፈለጉ አይደል፤ የሚያመለክትበት ሁሉ 'ያስተማረ' ይላል። ውሉ አይፈቅድም ብዬ እምቢ ስል፣ ኃላፊውን አስፈቅዶ መጣ። በኦክቶበር ጻፍኩለት። በዲሴምበር መጥቶ 'ይፋቁልኝ፣ ለቦግና' አለኝ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዳልናገር አስምሎኝ ነው። እንዳላስፈትሽሽ ግን አላስማለኝም።"

አራት ወር ሙሉ ስለ ራሴ ሰዓት ብቻ ስጽፍበት የከረምኩት ደብተር ይህ ነው። "ሥራው አይደል" ብዬ ጽፌአለሁ። አንብቤው አፈርኩ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

ማመልከቻው ገባ። ምንም አልጎደለም። ውጤቱ በማርች ነው። ቢሳካ እሰየው፤ ባይሳካም ሠላሳዬን የሚፍቅ ላጲስ የለም።

ፌብሩዋሪ 12፣ ሐሙስ

ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው የመጨረሻው ሐሙስ ነው፤ ከተማው ሁሉ ቦምቦሊኖ ይበላል። ከዳቦ ቤቱ በር እስከ መንገዱ ማዶ ተሰልፈዋል፤ ቲሞንን መሐላቸው አገኘሁት።

"ስንት ልትገዛ ነው?"

"ጋጋሪዋ አንድ አትሸጥም።"

"ትሸጣለች። በኖቬምበር ገዝቻለሁ።"

ጆሮው ቀላ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ።

"መዝገቡን አየሁት" አልኩ። "የእሑዱን።"

"እሑድ መተኛት እወዳለሁ።"

"ውሸታም። እሑድ በር ላይ ቆመህ ምን ጠየቁሽ፣ የት ቆምሽ ስትለኝ ነበር።"

"ያው... አንቺ ስትነግሪኝ ያስተማርኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።"

ጎትቼ ከሰልፉ አወጣሁት፤ ከኋላችን የነበሩት ሴትዮ "ተጋቡና ተሰለፉ!" አሉን፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ኦቲሊያ ዘንድ ወሰድኩት። ለሚቀጥለው ወቅት እሑዶቹን ሁሉ፣ ሠላሳ ሰዓት፣ በእርሳስ አስጻፍኩለት። ኃላፊው ይፈርሙለት ዘንድ ዶክተር ሽቺቦር ራሳቸው ገብተው ተናገሩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ተሰማ። የሁለት ሰዓቱን የጠዋት ዳቦ እኔ አመጣለሁ፤ ሁለት።

ግን የሌሎቹስ? ያ "ክቡር ፕሮፌሰር" ብሎ የጻፈልኝ ሰው የማንን ሰዓት ይጠብቃል? በየክፍሉ ለባዶ ወንበር የሚያስተምር ሌላ ሰው የለም? ነገ በሰሌዳው ላይ በአራት ቀይ መርፌ የምሰቅለውን ረቂቅ እዚህ ልጻፈው፦

"የዶክትሬት ተማሪዎች፣ ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች፣ እናንተም ሰዓታችሁን አቅፋችሁ የተቀመጣችሁ መምህራን! የምታስተምሩት ያጣችሁ፣ ማስተማር የደከማችሁ፣ ጉሮሯችሁን የሚከረክራችሁ፣ እሑድ ጠዋት መነሣት የምትጠሉ፤ ከዚህ በታች ስማችሁንና ያላችሁን ወይም የጎደላችሁን ሰዓት ጻፉ። ሐሙስ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ በአሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል ተገናኝተን እንከፋፈላለን። ሩቡን አትጠብቁ፣ እኔ ቀድሜ እገኛለሁ። በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለሙን አብረን እናመጣዋለን።"

የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ቲሞን፣ ና ጻፍበት።